የማሟያ ፕሮፎርማ

ማህተሜ ያለቀው በሌሎች ሰዎች ሽያጭ ነው። ጠርዙ ተበልቶ የሱቄ ስም ግማሹ ብቻ እስኪነበብ ድረስ የመታሁት በራሴ ደረሰኝ ላይ ቢሆን ኖሮ ዛሬም መካኒሳ ሱቄ ውስጥ እገኝ ነበር። የመታሁት ግን ፕሮፎርማ ላይ ነው። ያውም የማሟያ ፕሮፎርማ።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። አንድ ትምህርት ቤት ወይም ሆቴል ወይም መሥሪያ ቤት ዕቃ ሊገዛ ሲል ከሦስት ሻጮች የዋጋ ማቅረቢያ በታሸገ ፖስታ ይሰበስባል። ፖስታዎቹ ተከፍተው ይወዳደራሉ፤ ዋጋው ዝቅ ያለው ያሸንፋል። ደንቡ ይህ ነው። የሚሆነው ግን ሌላ ነው። ገዢው ከየት እንደሚገዛ አስቀድሞ ወስኖ ጨርሷል፤ የሚገዛው ከትልቁ መደብር ነው። የቀሩት ሁለት ወረቀቶች የሚፈለጉት ፋይሉ እንዳይጎድል ብቻ ነው። እነሱን ለማግኘት እንደኔ ወዳለችው ባለ ትንሽ ሱቅ ብቅ ይልና «እህቴ፣ አንዲት ፕሮፎርማ ተባበሪኝ» ይላል። ዋጋውን ከፍ አድርገሽ ጻፊ አይልም። ማለት አያስፈልገውም፣ ሁላችንም እናውቀዋለን።

እምቢ ማለት ይቻላል። ግን ሰውየው ወይ ጎረቤት ነው፣ ወይ የጎረቤት ዘመድ ነው፣ ወይ ደግሞ «ነገ እውነተኛ ገዢ ሆኖ ቢመጣስ» ያሰኛል። ይሉኝታ የሚባል ነገር አለ። እጽፋለሁ፣ ማህተሜን እመታለሁ፣ ፖስታውን አሽጌ እሰጣለሁ። ሰውየው አላህ ይስጥልኝ ብሎኝ፣ ወይ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብሎኝ ይሄዳል። ሽያጩ ወደ ትልቁ መደብር ይሄዳል።

ሱቄ የምትሸጠውና የምትጠግነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቫኪዩም፣ ምንጣፍ ላይ ያለ አቧራ የሚመጠውን ማሽን። «በዚህ ብቻ ትኖሪያለሽ?» ያላለኝ ሰው የለም። ዘጠኝ ዓመት ኖሬበታለሁ። ከዚያ በፊት አሥራ አንድ ዓመት ሆቴል ውስጥ የፎቅ ጽዳት ሠራተኛ ነበርኩ። ማሽን ሲበላሽ ጠጋኙ እስኪመጣ ሳምንት ይፈጃል፤ ሳምንቱን ሙሉ ኮሪደሩን ጎንበስ ብዬ በእጅ የምጠርገው ደግሞ እኔ ነኝ። አንድ ቀን በጣም ስለተናደድኩ በገበታ ቢላ ብሎኑን ፈትቼ ከፈትኩት። ቱቦው ውስጥ የእንግዳ ካልሲ ተወትፎ ነበር። ካልሲውን መዝዤ አወጣሁት፣ ማሽኑ ሠራ። ከዚያ ወዲያ ጠጋኝ አልተጠራም፤ ደመወዜም አልተጨመረም።

ሆቴሉ ማሽኖቹን በአዲስ ሲቀይር አሮጌዎቹን ስምንቱንም በጨረታ ገዛሁ። ከስምንቱ አምስት ደህና ማሽን አወጣሁና ሱቅ ከፈትኩ። የሆቴሉን ዩኒፎርም አጥቤና ተኩሼ ስመልስ፣ ሁለተኛ የሰው ዩኒፎርም አልለብስም፣ ወላሂ ብዬ ማልኩ። ሆቴል ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስሜ «ጽዳት» ነበር፤ «ጽዳት፣ ሦስት መቶ አራት ግቢ» ነበር የምባለው። ሱቅ ከከፈትኩ በኋላ ግን የሰፈሩ ሰው «ባለ ማሽኗ» አለኝ። ይህን ስም እወደዋለሁ። አሁንም ሲጠሩኝ እንዲህ ቢሉኝ ደስ ይለኛል።

ሱቄ ወለል ላይ አንድ ምንጣፍ ነበረች። ከጎረቤቴ ልብስ ሰፊ ቁርጥራጭ ክር እለምንና ከአሸዋ ጋር እበትንባታለሁ። ደንበኛ ሲመጣ ማሽኑን ሰክቼ መያዣውን እሱ እጅ ላይ አስይዘዋለሁ። አሸዋውን ማንኛውም ማሽን ይመጠዋል። ማሽኑን የሚፈትነው ክሩ ነው። ክር የማይጨርስ ማሽን የሐበሻ ቤት አይሆንም፣ ምክንያቱም እኛ ቤት ምንጣፍ ላይ ይሰፋል፣ ፀጉር ይሠራል፣ ጥጥ ይፈተላል፣ ልጅ ይተኛል። ከዚያ እጠይቃለሁ። ስንት ክፍል ነው? ምንጣፉ ወፍራም ነው ወይስ ስስ? መብራት እየሄደ እየመጣ ያስቸግራል? የት ትኖሪያለሽ፣ ኮንዶሚኒየም ከሆነ ስንተኛ ፎቅ? ሊፍት የሌለው አራተኛ ፎቅ ላይ ለምትኖር እናት ከባድ ማሽን መሸጥ ኃጢአት ነው።

እነሱም ያዳምጡኛል። ደስ ብሏቸው ያዳምጡኛል። አንዳንዶቹ በስልካቸው ይጽፋሉ፤ አንዳንዶቹ ማሽኑን ፎቶ ያነሱታል። በመጨረሻ «አመሰግናለሁ፣ እመለሳለሁ» ይሉኛል።

ይመለሳሉም፣ ውሸት አልናገርም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ከትልቁ መደብር የገዙትን ማሽን ታቅፈው «እስቲ አሠራሩን አሳዪኝ» ሊሉ ይመለሳሉ። አንዱ ደግሞ «አይመጥም» ብሎ አመጣልኝ። ከፈትኩት። ፊልትሩ ፋብሪካ ውስጥ የተጠቀለለበት ላስቲክ እንኳ አልተነሳም ነበር። ሦስት ወር ሙሉ በላስቲኩ ውስጥ ሲያስጨንቀው ከርሟል። ለምን አላነሳኸውም ስለው «እንዳይቆሽሽ ብዬ» አለኝ። የቤቱ ሪሞት ኮንትሮልም በላስቲክ እንደተጠቀለለ መሆኑን ሳልጠይቀው አውቄያለሁ። ላስቲኩን ቀደድኩለት። ስንት ነው አላለኝም፤ እኔም ለማሳየት ዋጋ መጠየቅ ነውር ሆነብኝ። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባላል። እኔ ወርቅ ነኝ አላልኩም፤ ግን እንደ መዳብ እንኳ የቆጠረኝ አልነበረም።

ትልቁ መደብር ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ነው። አራት ፎቅ ሙሉ መስታወት ነው። በሩ ላይ ፍተሻ አለ፣ ውስጡ ይቀዘቅዛል፣ ልጆቹ ከረባት አስረዋል። ማሽን መሞከር አይቻልም፤ ካርቶኑ ከተከፈተ አይመለስም። ዋስትና የሚባል ወረቀት ይሰጣል። ማሽኑ ሲበላሽ ያንን ወረቀት ይዘሽ ትሄጂና ምድር ቤት ያለው መስኮት ጋ ትቆሚያለሽ። መጀመሪያ የምትጠየቂው ካርቶኑን ነው። ካርቶኑ ደግሞ ልጆች ቤት ሠርተውበት፣ ዝናብ መትቶት፣ ቆራሌው ወስዶት የለም። ካርቶኑ ከተገኘም «ዋስትናው ይህን አይሸፍንም» ትባያለሽ። ያኔ ማሽንሽን ታቅፈሽ ስትወጪ በሩ ላይ ያለው ጥበቃ ያዝንልሽና «መካኒሳ አንዲት ሴት አለች፣ እሷ ጋ ውሰጂው» ይልሻል።

ያንን ጥበቃ አይቼው አላውቅም ነበር። ግን ከዘመዶቼም ከጎረቤቶቼም በላይ ደንበኛ የላከልኝ እሱ ነው።

መደብሩ ራሱም ያውቀኝ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ሁለት ጊዜ ደውሎልኛል። ምድር ቤት የጥገና ክፍል ውስጥ የሚሠራ ሰው እንደሌላቸው፣ ደመወዝ እንዳለው፣ ጡረታ እንዳለው በትህትና ነገረኝ። ሁለቱንም ጊዜ ሱቅ አለኝ አልኩት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ንግግሬ ኩራት ይሁን ፍርሃት ለራሴም አልለይ ብሎኛል።

በዘጠነኛው ዓመት መጋቢት ላይ ፍርሃቱ አመዘነ። አከራዬ ሱቋን ፋርማሲ እንደሚፈልጋት፣ ፋርማሲው የስድስት ወር ኪራይ በአንዴ እንደሚሰጥ ነገረኝ። ክፉ ሰው አይደለም። «አንቺም እንደዚያው ከከፈልሽ ቅድሚያው ያንቺ ነው፤ እስከ ሰኔ ወስኚ» አለኝ። በተናጠል በሚገዙ ሰዎች፣ በዚያ ላይ «እመለሳለሁ» በሚሉ ሰዎች፣ የስድስት ወር ኪራይ አይገኝም። የሚያድነኝ አንድ ትልቅ ትእዛዝ ብቻ ነበር።

እሱም መጣ። ሲመጣ ግን አላወቅሁትም።

ጎፋ አካባቢ ያለ የአንድ ቸርች የንብረት ክፍል ኃላፊ የሆኑ አዛውንት አሉ። ከደቡብ የመጡ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ ሰባ የሚጠጉ ሰው ናቸው። እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ፤ እሳቸው ልጄ ይሉኛል። ሱቋ በተከፈተች ሰሞን የቸርቹን ማሽን በሚኒባስ ታክሲ አመጡልኝ። ማሽኑን ከጎናቸው ወንበር ላይ አስቀምጠው የእሱንም ሂሳብ ከፍለውለት ነበር። የአቧራ ከረጢቱን ስከፍት ድቡልቡል የወርቅ ጉትቻ አገኘሁና ሰጠኋቸው። በሚቀጥለው እሑድ አዳራሽ ውስጥ አስነግረው ባለቤቷ ተገኘች። ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ጋ ሄደው አያውቁም። «ጌታ ይባርክሽ» ይሉኛል፤ እኔ «አሚን» እላለሁ፤ ሁለታችንም በየበኩላችን እንሄዳለን። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ነበርን።

ያን ቀን ሐሙስ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ሁለት ሰው የማሟያ ፕሮፎርማ አጽፎኛል። አንዲት ሴትዮ ደግሞ አንድ ሰዓት ሙሉ ስታስለፈልፈኝ ቆይታ፣ ክሩንም አሸዋውንም አስመጥጣ፣ ማሽኑን ከአራት በኩል ፎቶ አንስታው ሄዳለች። ቆሽቴ አሮ ነበር። ጋሼ ገቡ። አዲሱ አዳራሽ እንዳለቀ፣ ለትንሣኤ እንደሚከፈት፣ ወለሉ ከዳር እስከ ዳር ምንጣፍ እንደሆነ ነገሩኝና ለስድስት ማሽን ፕሮፎርማ እንድሰጣቸው ጠየቁኝ።

እኔ ያየሁት ግን ብብታቸው ውስጥ ያለውን ነው። የትልቁ መደብር ቢጫ ፖስታ ነበር፤ የታሸገ። እነዚያ መጀመሪያ ተጠይቀው መጀመሪያ ሰጥተዋል ማለት ነው።

የተሰማኝን ልናገር። ሌላ ማንም ቢሆን አይገርመኝም ነበር፤ እሳቸው ሲሆኑ ግን ሆዴ ባባ። ዘጠኝ ዓመት የቸርቻቸውን አቧራ በእጄ ስዝቅ ኖሬ፣ ስድስት ማሽን ሲገዙ እኔ ለፋይል ማሟያ ሆንኩ። «እርስዎም?» ልላቸው አፌ ላይ ደረሰ። ዋጥኩት። ወረቀት አወጣሁና ቆሜ መጻፍ ጀመርኩ።

ለአዳራሽ የሚሆነው ማሽን ሌላ ነው። በርሜል የሚመስል፣ ሁለት ሞተር ያለው፣ ሰዓታት ሲሠራ የማይግል ነው፤ እኔ ጋ ነበር፣ ተጨማሪም ማስመጣት እችል ነበር። ያንን አልጻፍኩም። ለማሟያ ምን አደከመኝ? ትልቁ መደብር መስኮት ላይ የሚደረድረውን፣ ለሳሎን የተሠራውን ማሽን ስም ጻፍኩ። ዋጋውን እነሱ ከሚሸጡበት በጣም ከፍ አደረግሁት። ታች «ይህ ዋጋ የሚጸናው ለሰባት ቀን ነው» የምትለዋን ጨመርኩ። ማህተሙ በመጀመሪያው ስላልታየ ደግሜ መታሁት።

ጋሼ ቆመው ሲያዩኝ ነበር።

«ልጄ፣ በትክክል ጻፊው» አሉኝ። «ጸልየሽበት ጻፊው።»

ሳቄ መጣ። ለፕሮፎርማ የሚጸለይ መሆኑን ከእርስዎ ሰማሁ ብዬ ቀለድኩባቸው። እሳቸው አልሳቁም። ፖስታውን አሸግኩ፤ እሳቸውም ቢጫው ላይ ደርበው ይዘው፣ ባርከውኝ ወጡ። «ተባበሪኝ» እንዳላሉኝ ልብ ያልኩት ከብዙ ቀን በኋላ ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ባዶ እጃቸውን መጡ። ማሽን ሳይዙ ሲመጡ የመጀመሪያቸው ነበር። ደንበኛ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ከዚያ የሆነውን ነገሩኝ። የቸርቹ ሽማግሌዎች ማሽኖቹ ከትልቁ መደብር እንዲገዙ ፈልገው ነበር። እሳቸው ተከራከሩ። የሚሸጥልን የሚጠግንልን ይሁን፣ አዳራሻችንን የምታውቅ ሴት አለች አሉ። ክርክሩ ሁለት ስብሰባ ፈጀ። በመጨረሻ፣ የእሷ ዋጋ ከትልቁ መደብር እኩል እንኳ ከሆነ ከእሷ ይገዛ ተብሎ ተወሰነ።

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው።

«ብነግርሽማ አድልዎ ነው። ፖስታው የታሸገው ለምን ሆነና?»

ፖስታው በሽማግሌዎቹ ፊት ሲከፈት የኔ ዋጋ ከሌሎቹ ሁለት በላይ ሆኖ ተገኘ። አንዱ ሽማግሌ ወደ እሳቸው ዞሮ፣ ይህች ያንተ ሴት በአንተ ትከሻ ልትበለጽግ አስባለች አለ። ሌሎቹ ሳቁ። ስድስቱም ማሽን ያኔውኑ ከትልቁ መደብር ተገዛ። ይህን ሲነግሩኝ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«ለምን እንደዚያ ጻፍሽ?» አሉ።

«ለማሟያ መስሎኝ ነው፣ ጋሼ።»

ማሟያ ምን እንደሆነ አላወቁትም። ሰባ ዓመት ሊሞላቸው፣ ንብረት ሲያስተዳድሩ ኖረው፣ አያውቁትም። እኔ ማስረዳት ነበረብኝ። ከላይ ለእናንተ ያስረዳሁትን ያህል እንኳ አልቀለለኝም። ገዢው አስቀድሞ እንደሚወስን፣ እኛ ከፍ አድርገን እንደምንጽፍ፣ ማህተም እንደምንመታ፣ ፋይሉ እንደሚሞላ ነገርኳቸው። ስናገር የገዛ ቃሌ ጆሮዬ ላይ አስቀያሚ ሆነብኝ።

«ብዙ ጊዜ ጽፈሻል?» አሉ።

«ብዙ።»

«እያወቅሽ?»

እስከዚያች ሰዓት ድረስ እኔ የተበደልኩ ሰው ነበርኩ። ትልቁ መደብር በደለኝ፣ ደንበኛው በደለኝ፣ ዘመኑ በደለኝ ስል ኖሬያለሁ። ያ መስታወት ቤት እያንዳንዱን ጨረታ ሲያሸንፍ ከሥሩ የኔ ማህተም እንዳለ ለአንድ ቀን እንኳ አስቤው አላውቅም። በገዛ እጄ ስገነባው ኖሬ ጥላው አጨለመብኝ እላለሁ።

አሁን ትክክለኛውን ልጻፍና ይውሰዱልኝ አልኳቸው፤ ለመንኳቸው ማለት ይሻላል። ፖስታው ተከፍቷል አሉኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ሲወጡ ባረኩኝ፤ «አሚን» የሚለው ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አልወጣልኝም።

ሰኔ ላይ ፋርማሲው ገባ። ማሽኖቼን ግማሹን ሸጥኩ፣ ግማሹን ቤቴ አስገባሁ። ምንጣፏን ለልብስ ሰፊው ሰጠሁት። ከዚያ እኔ ራሴ ሥራ አስኪያጁ ጋ ደወልኩ። ደስ አለው። ሰማያዊ ዩኒፎርም ከትከሻው ሰፊ የሆነ ሰጡኝ፤ ደረቱ ላይ የመደብሩ ስም ተጠልፏል። ያን ቀን ማታ መስታወት ፊት ለብሼው ቆምኩና ስለ መሐላዬ አላህን ይቅርታ ጠየቅሁ። ማህተምም ሰጡኝ። አዲስ ነው፣ ጠርዙ የተሳለ፣ አንዴ ሲመታ ሁሉ ነገር ይነበባል።

በሩ ላይ ያለውን ጥበቃ በመጀመሪያው ሳምንት አወቅሁት። ቀጭን፣ ጨዋ ሰው ነው። ዋስትና የተከለከለች አንዲት ሴት ማሽኗን ታቅፋ ስትወጣ «መካኒሳ አንዲት ሴት አለች» ሲላት ከኋላው ደረስኩ።

«ዘግታለች» አልኩት።

«ውይ፣ መቼ?» አለ ከልቡ አዝኖ። ያቺ ሴት እኔ መሆኔን አልነገርኩትም። ምን ይጠቅመዋል?

ምድር ቤት ያለችው መስኮቴ በወገብ ልክ ነች፤ ሰው ሲያናግረኝ ጎንበስ ይላል። የምጠግነው በጣም ጥቂት ነው። ብዙውን ቀን የምሠራው ቅጽ መሙላት ነው። ካርቶን አለ ወይ፣ ደረሰኝ አለ ወይ፣ ቀኑ አላለፈም ወይ። በግል መጠገን ክልክል መሆኑን ስቀጠር ፈርሜያለሁ። ሰዉን ከፊቴ ስመልስ የሚያየኝን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ እኔም ስለዚች መስኮት እንደዚያው አስብ ነበር።

ጥቅምት ላይ ጋሼ መጡ። ካርቶኑን በሁለት እጃቸው ታቅፈው፣ ደረጃውን አንድ በአንድ እየረገጡ ወረዱ። ካርቶኑ ምንም አልተቀደደም፤ የታሰረበት ሲባጎ ራሱ የፋብሪካው ነበር። ካርቶኑን አምጡ እንደሚባል ከኔ ሰምተው ኖሮ ስድስቱንም መጋዘን ውስጥ በሥርዓት አስቀምጠዋቸዋል። ጎንበስ ብለው በመስኮቷ ሲያዩኝ መጀመሪያ ዩኒፎርሙን አዩ፤ ከዚያ ፊቴን።

«እዚህ ነሽ፣ ልጄ» አሉ።

ማሽኑን አወጣሁና ከፈትኩት። ገና ሳልፈታው ሽታው ነገረኝ። ሞተሩ ተቃጥሏል። ሦስቱ እንዲሁ ሆነው መጋዘን መቀመጣቸውን፣ ሁለቱ ብቻ እንደቀሩ፣ እነሱም መጮህ እንደጀመሩ ነገሩኝ። ለሳሎን የተሠራ ማሽን ያን ሁሉ ወለል በሳምንት ሦስት ቀን፣ በአንድ ጊዜ ለሁለት ሰዓት ሲመጥ ከዚህ ሌላ ምን ይሆናል። ይህ ማሽን ለአዳራሽ እንደማይሆን ማንም አልነገራችሁም ወይ አልኳቸው። ጠይቄ ሳልጨርስ ደነገጥኩ።

«እኔም ትንሽ ጠርጥሬ ነበር» አሉ። «በኋላ ግን ያንቺ ወረቀት ላይም ይኸው ማሽን ነው የተጻፈው። አንቺ ከጻፍሽው ጥሩ ነው ብዬ ዝም አልኩ።»

ቅጹ ፊቴ ነበር። በዋስትናው ሦስተኛ መስመር ላይ፣ ማሽኑ ከመኖሪያ ቤት ውጭ ካገለገለ ዋስትናው እንደማይሠራ ተጽፏል። ለአፍታ ሌላ ነገር ልጽፍ አሰብኩ። መኖሪያ ቤት ነው የሠራው ብል፣ የፋብሪካ እንከን ነው ብል፣ ማን ያጣራል? ብዕሩን አንስቼ ቆየሁ። ጋሼ ብዕሩን አዩት፤ እኔንም አዩኝ። ምን እያሰብኩ እንደሆነ የገባቸው ይመስለኛል።

«በትክክል ጻፊው፣ ልጄ» አሉኝ።

በትክክል ጻፍኩት። ማሽኑ ለአዳራሽ አገልግሎት በመዋሉ ከአቅሙ በላይ ሠርቶ ሞተሩ ተቃጥሏል፤ ዋስትናው አይሸፍነውም። ማህተሙን መታሁ። አንዴ ነው የመታሁት፤ ሁሉም ፊደል ይነበብ ነበር። አንብበው አጥፈው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

ካርቶኑን እኔ በአንድ በኩል ይዤላቸው ደረጃውን ወጣን። በሩ ላይ ስንደርስ ጥበቃው ሮጦ መጥቶ ተቀበለኝና ካርቶኑን ትከሻቸው ላይ አወጣላቸው። የተመለሰ ማሽን መሆኑን ከፊታቸው አወቀ፤ እንደ ልማዱም አዘነላቸው።

«መካኒሳ አንዲት ሴት ነበረች፣ አባባ» አላቸው። «አሁን ዘግታለች አሉ።»

ጋሼ ካርቶኑን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉ። ወደ እኔ አልዞሩም።

«አውቃለሁ» አሉትና ወደ ታክሲው ሄዱ።